የሣጥኑ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ ይሁን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥኳቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። ሁሉም ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እኔም የምመልሰው ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ነው። ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ 31 ዓመት አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ሉተራዊት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በሆነችው በመካነ ኢየሱስ፣ በአጥቢያችን ማኅበረ ምእመናን፣ በሽማግሌነትም በገንዘብ ያዥነትም አገልግያለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ የራሴን ቁስል ስለነካው ሰፋ አድርጌ ጽፌበታለሁ፤ ታገሡኝ።

*

«ለጋሼ፣ ሰላምታዬ በጌታ ይድረስዎ። የምጽፍልዎ ከቡሬ ወጣ ብላ ካለች ገጠር ነው። ማኅበረ ምእመናናችን 38 አባወራ ብቻ ናት። ዘንድሮ የሰበካው፣ ማለትም አብረውን የተያያዙት ማኅበረ ምእመናናት ጉባኤ እኛ ዘንድ ስለሚደረግ፣ ለእንግዶች ምግብና ለድንኳን ተብሎ በየአባወራው 500 ብር ተመደበ። የሰጠ ሰው እሑድ እሑድ ከስብከት በኋላ ስሙ ይነበባል። እኔ ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመቴ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ መሬቱን ለእኩል ሰጥቼ ነው የምኖረው። ጥሬ ብር ስላልነበረኝ ሁለት ቁና በቆሎና አንዲት ቄብ ዶሮ ይዤ ሄድኩ። ተቀበሉኝ፤ ስሜ ግን አልተነበበም። ስጠይቅ ‹ወደ ገንዘብ ሳይለወጥ አይመዘገብም› አሉኝ። ጎረቤቴም ካልከፈሉት ጋር ስትቆጥረኝ ሰማሁ። ሌላም አለ። የሴቶች አገልግሎት ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ የሰበሰብነው ግን የሚቀመጠው በአንድ ሽማግሌ ቤት ባለ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም እሳቸው ዘንድ ነው። አንድ ቀን ‹ቆጥረን እንየው› ብላቸው ‹ምነው እህቴ፣ አታምኚኝም እንዴ?› አሉኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ጋሼ፣ 500ው ብር ዕዳ ነው ወይ? ዝም ማለቴስ ልክ ነው?»

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አስቀድሜ አንዱን ነገር ልንገርዎና እንቅልፍዎን ይተኙ፦ 500ው ብር ዕዳ አይደለም። በቆሎውንና ቄቧን ይዘው የገቡ ዕለት ሰጥተዋል፤ አለቀ።

ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለተቸገሩት ከመቄዶንያና ከአካይያ ገንዘብ ሲያሰባስብ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ያውቁታል፤ ሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 8 እና 9 ላይ ነው። ስጦታ የሚመዘነው ሰው ባለው ልክ እንደሆነ፣ ከሌለው ላይ እንደማይጠየቅ፣ ማንም እያዘነ ወይም ተገድዶ እንዳይሰጥ እዚያ ተጽፏል። ደግሞም እኛ ሉተራን ነን። የስማችን ምንጭ የሆነው ጀርመናዊው መምህር ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1517 95ቱን ነጥቦች ያወጣው፣ በዚያ ዘመን ሕዝቡ ለራሱና ለሞቱበት ዘመዶቹ ነፍስ ሲል የሥርየት ወረቀት በገንዘብ ይገዛ ስለነበር ነው። ከዚያ ትምህርት የተወለድን ሰዎች በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ከፋይና ያልከፈለ ብለን ሰው ስንለይ ሳይ ያመኛል።

ሽማግሌዎቹ በክፋት አደረጉት ግን አልልም። ጉባኤ ማስተናገድ ከባድ ነው። ከየአቅጣጫው የሚመጣውን እንግዳ ቀናት ማብላት፣ ማሳደር፣ ድንኳን መከራየት፣ እንጨትና ውሃ ማስገባት አለ። 38 በ500 ሲባዛ 19,000 ብር ይመጣል፤ እነሱም ተቀምጠው ያሰሉት ይህንኑ ይሆናል። ስሌቱ የቀለላቸው ባለ በሬውንም መበለቲቱንም በአንድ ረድፍ ስላስቀመጧቸው ነው። እኔ ብሆን «የሚያስፈልገን 19,000 ብር ነው፤ ወይም በዚያው ልክ እህል፣ በርበሬ፣ እንጨትና ጉልበት» ብዬ ለሁሉም ነግሬ፣ ሰው በልቡ እንዲያስብ ሁለት እሑድ እሰጠው ነበር። እንግዳው መቼም የሚበላው እህል ነው። የእርስዎ በቆሎ ለንፍሮ አይሆንም ወይ? ገበያ ወጥቶ ተሽጦ፣ በብሩ ደግሞ እህል እስኪገዛ ድረስ ስጦታ አይባልም ማለትን ምን አመጣው?

በዓይነት የሚመጣ ስጦታ እንዴት እንደሚከበር እኛ ዘንድ ያየሁትን ላጫውትዎ። የመከር ምስጋና እሑድ ነበር። አንዲት አሮጊት እናት አምስት እንቁላል በጭድ ከበው በትንሽ ቅል ይዘው መጡ። ጠዋት የተጣሉ ነበሩ፤ አንደኛው ላይ የዶሮዋ ላባ እንደተጣበቀ ነው። ከአምልኮ በኋላ ደጅ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ጨረታ ወጣ። በ40 ብር ተጀመረ። አንድ ወጣት በ90 ገዛውና «መልሼ ሰጥቻለሁ» አለ። ሌላው በ120 ገዛ፤ እሱም መለሰ። እንዲህ ቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ድምሩ 640 ብር ገባ። የመጨረሻው ገዢ እንቁላሉን ቅሉ ውስጥ እንዳለ ለአሮጊቷ የታመመ የልጅ ልጅ ላከው። ገንዘብ ያዣችን መዝገቡ ላይ «አምስት እንቁላል፣ 640 ብር» ብሎ ጻፈ። እንቁላሉን ማስቀደሙን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እናትየው ማንበብ አይችሉም፤ ቢሆንም ጠጋ ብለው «ተጻፈ?» ብለው ጠየቁት፤ «ተጽፏል እማማ» ብሎ በጣቱ አሳያቸው።

የእርስዎም «በቆሎ 2 ቁና፣ ዶሮ 1» ተብሎ በመዝገብ ይግባ፤ ደረሰኝም ይቁረጡልዎ። ስም ማንበቡን በተመለከተ ግን አቋሜ ጠንከር ያለ ነው። «የእኔም ስም ይጨመር» ብለው እንዳይጠይቁ እለምንዎታለሁ፤ የሁሉም ስም እንዲቀር ይጠይቁ። ሰጪው ደረሰኙን ይያዝ፤ ጉባኤው ድምሩን ይስማ። ምን ያህል እንደሰጠ እየተነበበለት የሚሰጥ ሰው ሲለመድ፣ የሌለው ሰው ከእሑድ ይቀራል። ሲቀር አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሣጥኑ። «አታምኚኝም እንዴ?» የሚለውን ቃል እኔ በአፌ ተናግሬው አላውቅም፤ ሰው ግን ከፊቴ ያነበው ነበር። ምን እንዳስከተለ ልንገርዎ።

በ2012 ዓ.ም. ማኅበረ ምእመናናችን ውስጥ ሴቶቹ 7,400 ብር አጠራቅመው ነበር፤ ዳቦ ጋግረው እየሸጡ፣ በየወሩም እያዋጡ፣ ለችግረኛ ልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ እንዲሆን። ሁሉም ባለ 100 ብር ነው፤ 74 ቅጠል፣ በነጭ ክር ታስሮ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ። ቁልፉ አንድ ነበር፤ እሱም እኔ ኪስ ውስጥ። ነሐሴ ላይ ልጄ ታምማ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ሳምንት ያልኩት አምስት ወር ሆነ። መስከረም 4 ቀን 2013 መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች መለወጣቸውን፣ ባለ 200 ብርም መውጣቱን አስታወቀ። አሮጌው ብር የሚለወጥበት ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። የራሴን ጥቂት ብር እዚያው ባንክ ተሰልፌ ለወጥኩ፤ የሣጥኑ ነገር ግን ከሐሳቤ ጠፍቷል። ሴቶቹ አልረሱም ነበር። ሦስት ጊዜ ተሰብስበው መክረዋል። «እንደውልላቸው» ያለች ነበረች፤ «በልጃቸው ጭንቀት ላይ ገንዘብ ብናነሣ ያላመንናቸው ይመስላቸዋል» ብለው ተዉት። «እንስበረው» ያለችም ነበረች፤ «የጌታን ሣጥን በመጥረቢያ?» አሏት። ልጄ እግዚአብሔር ይመስገን ድና ጥር ላይ ስመለስ ሣጥኑን ከፈትኩት። 74ቱም እንደታሰረ ነው፤ ክሩ እንኳ አልላላም። ባንክ ወሰድኩት። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ በአክብሮት መልሳ ገፋችልኝ፤ ጊዜው ካለፈ ከወር በላይ ሆኖት ነበር።

ሴቶቹ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እሱ ነው የባሰ የጎዳኝ። እንዳይጠይቁኝ አድርጌ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። «ይተዉት ጋሼ» ቢሉኝም ከጡረታዬ በየወሩ 200 ብር እየከፈልኩ በ37 ወር ጨረስኩ። በዚያ ዓመት ደብተር ያልደረሳቸው ልጆች ግን አሉ፤ እነሱን በምን እክሳለሁ?

ከዚያ ወዲህ ነው ስለ ሣጥን ማንበብ የጀመርኩት። በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ፣ ላይስኒሽ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1523 ሰዎቿ የማኅበረ ምእመናኑን ገንዘብ በአንድ የጋራ ሣጥን አስገቡ፤ ሥርዓቱንም ሉተር መቅድም ጽፎለት አሳተመው። ከሣጥኑ የአገልጋይ ደመወዝ ይከፈላል፣ ትምህርት ቤት ይያዛል፣ ሽማግሌና ወላጅ አልባ ይጦራል፣ ለክፉ ቀንም እህል ይገዛል። ተቆጣጣሪዎቹ አሥር ናቸው፦ ሁለት ከመኳንንቱ፣ ሁለት ከከተማው ምክር ቤት፣ ሦስት ከከተማው ነዋሪ፣ ሦስት ከገበሬዎቹ። ሣጥኑ አራት ዓይነት መቆለፊያ አለው፤ ከአራቱ ወገን እያንዳንዱ የየራሱን ቁልፍ ይይዛል። በየእሑዱ ይሰበሰባሉ፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ለሕዝቡ ሒሳብ ያሰማሉ። ነገሩ ያለ ችግር አልሄደላቸውም፤ የከተማው ምክር ቤት በእጁ ያለውን ገንዘብ ለሣጥኑ አላስረክብም ብሎ ሉተርን እስከ ገዢው ድረስ አስጽፎታል። እኔን ግን ልቤን የነካኝ አራተኛው ቁልፍ ነው፤ በዚያ ዘመን ቁልፍ በገበሬ እጅ ነበር።

አራት መቆለፊያ ለእኛ ይከብዳል፤ አንዱ ሰው ሲቀር ሣጥኑ ተዘግቶ ይቀራል፤ እኔ ያየሁትን ደግሜ ማየት አልፈልግም። እኛ ዛሬ ሁለት መቆለፊያ አለን። እያንዳንዱ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አራቱ ቁልፎች በአራት ሰዎች እጅ ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። አንዱ መንገድ ቢሄድ ሌላው ይከፍታል፤ ብቻውን ግን ማንም አይከፍትም። ቆጠራው እሑድ ከአምልኮ በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለቱ ይቆጥራሉ፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሦስቱም ይፈርማሉ። የሦስት ወሩ ሒሳብ በሩ ላይ ይለጠፋል። ከ5,000 ብር በላይ ሣጥን ውስጥ አያድርም፤ ሰኞ ባንክ ይገባል።

ለሽማግሌው እንዴት እንደሚነግሯቸው ደግሞ፦ ብቻዎን አይሂዱ፤ ከሴቶች አገልግሎት አንዲት እህት ይዘው ይሂዱ። ቤታቸው ሄደው እንጂ በሰው ፊት አይሁን። «አታምኚኝም?» ካሉዎ «አምንዎታለሁ፤ ለእርስዎም ስምና ለልጆችዎ ስል ነው» ይበሏቸው። ጳውሎስ ራሱ ያንን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም አስከትሎ ነው ያደረሰው፤ እዚያው ምዕራፍ 8 ላይ ነው። እምቢ ካሉ ለሽማግሌዎች ጉባኤ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቃለ ጉባኤም ይያዝበት። ይህንን ገጽ ቢያሳዩአቸው ደስ ይለኛል። አንድ ሽማግሌ ለሌላ ሽማግሌ የጻፈው ነውና ቅር አይላቸውም።

*

«ደመወዜ በባንክ ስለሚገባ አሥራቴን በቴሌብር ነው የምልከው። አንዳንዶች ‹መባ በእጅ ካልተሰጠ መባ አይደለም› ይሉኛል። እውነት ነው?» (ከባሕር ዳር፣ በስልክ)

እውነት አይደለም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ እኛም ዘንድ ብዙው ወጣት እንዲህ ነው የሚሰጠው። አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጡ፦ የሚልኩበት ቁጥር ወይም ሒሳብ በማን ስም ነው? በገንዘብ ያዡ የግል ስም ከሆነ፣ ሰውዬው መልአክ ቢሆን እንኳ፣ አይላኩ። በማኅበረ ምእመናኑ ስም የተከፈተ፣ ከሁለት ፈራሚ በታች የማያንቀሳቅሰው ሒሳብ ይሁን። ስልክዎ ላይ የሚመጣው መልእክት ለእርስዎ ማስታወሻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደረሰኝ አይተካምና እሱንም ይጠይቁ። ደግሞ እሑድ መባ ሲሰበሰብ እጅዎ ባዶ መስሎ እንዳይታይ እየተሳቀቁ ከሆነ፣ አይሳቀቁ።

*

«ጋሼ፣ 24 ዓመቴ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ነኝ። በወጣቶች አገልግሎት ውስጥ አገለግላለሁ። ዘንድሮ ማኅበረ ምእመናናችን ወደ ሲኖዶሱ ጉባኤ ከሚሄዱት ሁለት ተወካዮች አንዱ አድርጎ መረጠኝ። ደስም ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም። ከዚህ በፊት የሄዱት ሲመለሱ ‹በጣም ተባርከን መጣን› ከማለት በቀር ምንም አልነገሩንም። እኔ ሄጄ ምን ላድርግ? ምንስ ይዤ ልመለስ?»

ልጄ፣ መፍራትህ ደግ ነው። ያልፈራነው ምን እንዳደረግን ስነግርህ ይገባሃል።

መጀመሪያ የምትሄድበትን ነገር እወቅ። ማኅበረ ምእመናን አለ፤ ማኅበረ ምእመናናቱ በሰበካ ይያያዛሉ፤ ሰበካዎቹ በሲኖዶስ፤ ሲኖዶሶቹ በጠቅላላ ጉባኤ። ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ ብቻ የሚወርድበት መስሎህ እንዳትሄድ። ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ስትመሠረት፣ ስዊድኖች፣ ኖርዌጂያኖች፣ ጀርመኖች፣ ሌሎችም ሚሲዮኖች በያሉበት ያገለገሏቸው ምእመናን ተወካዮቻቸውን ልከው በአንድ ስም ቆሙ። አንተ የምትይዛት የውክልና ደብዳቤ የዚያ ልጅ ናት። ጉባኤው የሚቆመው ከታች በሚመጣው ሰው ነው።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላክሁት በ1987 ዓ.ም. ነው። ሴቶቹ ድርቆሽና በሶ ሰንቀውልኝ፣ አገልግሉን በነጠላ ቋጥረው አይሱዙ ላይ አስጫኑልኝ። ለመንገድ የተሰጠኝ ገንዘብ ከመባው የወጣ ነው፤ ሳንቲም ጭምር ነበረበት። ጉባኤው ድንቅ ነበር። መዝሙሩ፣ ጸሎቱ፣ ከየአገሩ የመጣው ሰው። ተመልሼ እሑድ መድረክ ላይ ቆምኩና «ወንድሞችና እህቶች፣ ተባርከን መጣን» ብዬ አምስት ደቂቃ ተናገርኩ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ስወርድ በር ላይ አንዲት እናት እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ የመቃብሩን ነገር አነሣህልን?»

አላነሣሁም። ያን ጊዜ የራሳችን መቃብር ቦታ አልነበረንም። ሰው ሲሞትብን አስከሬን ተሸክመን ከዘመድ ዘመድ እየለመንን ነበር የምንቀብረው። እኒያ እናት ከሁለት ወር በፊት ባላቸውን የቀበሩት የአምስት ሰዓት መንገድ ተጉዘን ነው። ከመሄዴ በፊት ነግረውኝ ነበር፤ እኔም «እሺ እማማ» ብያለሁ። ጉባኤው ላይ ሳለሁ ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። በሚቀጥለው ዓመት ራሴ ለምኜ ተላክሁ፤ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «መቃብር» ብዬ ጽፌ። የሰበካው ደብዳቤ ተጽፎልን፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተመላልሰን፣ ሌላ ሁለት ዓመት ፈጅቶ ቦታው ተሰጠን። እኒያ እናት ዛሬ እዚያ አርፈዋል።

ስለዚህ ከመሄድህ ሁለት እሑድ አስቀድመህ ቆመህ ጠይቅ፦ «ምን ይዤላችሁ ልሂድ?» በል። ከሚነገርህ ውስጥ ሽማግሌዎቹ የተስማሙባቸውን ሦስት ጉዳዮች በወረቀት አስፈርመህ ያዝ። ሦስት ይበቃል፤ አሥር ይዞ የሄደ ሰው አንዱንም አያስጨርስም። የመጨረሻው ተናጋሪ ብትሆንም ዕድል ስጡኝ በል፤ ወጣት ነኝ ብለህ አትተው። ምግብ ሰዓት ላይ ከአገርህ ልጆች ጋር ብቻ አትቀመጥ፤ ከሌላ ሰበካ ከመጣው ጎን ተቀመጥና «እናንተ መባ እንዴት ነው የምትቆጥሩት? ወንጌላዊያችሁን በምን ትደግፋላችሁ? የጥምቀት ተማሪ ስንት አላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ከመድረኩ ከሰማሁት ይልቅ ከሻይ ላይ የተማርኩት ይበዛል። ስለ ሁለቱ መቆለፊያና አራት ቁልፍ የሰማሁትም እንዲሁ ነው።

የጉዞ ገንዘብህን ደረሰኝ ሰብስብ፤ ደረሰኝ የማይሰጥህ ከሆነ ቀኑንና ዋጋውን ጻፍ። የተረፈውን፣ 15 ብርም ቢሆን፣ መልስ። ስትመለስ ከሁለተኛው እሑድ ሳታሳልፍ ሪፖርትህን አቅርብ፦ ምን ተወሰነ፣ ከእኛ ምን ይጠበቃል፣ የላካችሁኝን ሦስት ነገር ምን አሉኝ። እምቢ የተባልከውንም ንገራቸው። በመዝሙር ሰዓት ያለቀስክ እንደሆነ ያንንም ንገራቸው፤ እነሱ በመባቸው ነው የላኩህ፣ ከደስታውም ድርሻ አላቸው።

ዛሬ ዛሬ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ከመነሣትህ በፊት ከሽማግሌዎች ጋር ተማከር፤ «ቅር» ካሉህ ቅር። ሦስቱን ጉዳይ በደብዳቤ መላክ ይቻላል፤ አንተን ግን ሁለተኛ አያገኙህም።

*

«ልጄ፣ 74 ዓመት ሞልቶኛል፤ የምኖረው ከጮቄ ግርጌ ነው። ገብስና ድንች ነው የማርሰው። በመንደራችን የወንጌል አማኝ ሁለት ቤት ብቻ ነን፤ የቀረው ጎረቤት ኦርቶዶክስ ነው፤ በፍቅር ነው የምንኖረው፤ እድርም አብረን ነን። አሁን መንደሩ ምንጭ ሊያጎለብት ተነሥቶ በየቤቱ ገንዘብና የጉልበት ቀን ተመደበ። ከእኛ ወገን አንዱ ወንድም ‹የአማኝ ገንዘብ ለጌታ ቤት ብቻ ነው› አለኝ። ልስጥ ወይስ ልተው? ከሰጠሁስ ከአሥራቴ ላይ ልቀንስ?»

አባቴ፣ ይስጡ። ዛሬውኑ ይስጡ።

እድሩ ይዞዎ ኖሯል። በሐዘንዎ ቀን ድንኳን የተከለልዎት፣ እንጨት የፈለጠልዎት፣ ሌሊት አብሮዎት ያደረው ይኸው ጎረቤት ነው። ሉተር በትንሹ ካቴኪዝም፣ በእምነት መማሪያ መጽሐፉ፣ «የዕለት እንጀራችን» የሚለውን ልመና ሲያብራራ፣ ምግብና ልብስን፣ መልካም አየርን፣ ሰላምን ቆጥሮ፣ መልካም ጎረቤትንም ከእንጀራው ጋር ያስገባዋል። ይህን ልጆቻችን በቃላቸው ይወጡታል፤ እኛ ትልልቆቹ እንረሳዋለን።

ቤተ ክርስቲያናችንም እ.ኤ.አ. በ1972፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ አለ። በዚያን ጊዜ የውጭ ረጂዎች ለልማት እጃቸው ሲፈታ ለወንጌል ሥራ ያጥርባቸው ነበር። ደብዳቤው ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት እንደማይከፈል፣ አገልግሎቱም ለሁለት መቆረጥ እንደሌለበት ተናገረ። ያ ወንድምዎ እንዳለው ከሆነ እኛ ደግሞ ከዚህኛው ወገን ልንቆርጠው ነው። ምንጭ የሚጠጣው ሰው ነው፤ ከብቱም ነው።

ከአሥራት ይቀነስ ወይ ላሉት፣ የእኔ ምክር አይቀንሱ የሚል ነው። ሕግ ጠቅሼ አይደለም፤ ትንሿ ማኅበረ ምእመናናችሁ ወንጌላዊዋን የምታኖረው በዚያችው ስለሆነ ነው። ሁለቱን መስጠት ካልቻሉ ግን ለሽማግሌዎቻችሁ በግልጽ ይንገሩ፤ ገብስ እስኪወቃ ይጠብቁዎታል። ለምንጩም ብር ከሌለዎ ድንች ይስጡ፤ ለሚቆፍረው ሰው ምሳ ይሆናል።

የጉልበቱን ቀን ልጆችዎ ይወጡልዎ፤ 74 ዓመት ድንጋይ የሚሸከሙበት ዕድሜ አይደለም። እርስዎ ግን በዚያን ዕለት ጋቢዎን ደርበው ቦታው ላይ ይገኙ፤ የመጀመሪያው ውሃ ሲቀዳ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው ይቅመሱት።